የጭቃ በር መታጠቂያ

ያፌት ዘወትር ጠዋት ፊቱን ሲላጭ ለመስታወቱ አንድ ነገር ይነግረዋል።

«ቀይ ነበር» ይላል።

ደረቱ ላይ የተሰካችው ቁልፍ ወዲያው ዝዝ ትላለች። ያፌት ምላጩን ያለቀልቅና ደግሞ «ጥቁር ነበር» ይላል። ቁልፏ ዝም። ከዚያ ሁለተኛውን ጉንጩን ይላጫል። እንዲህ ሲያደርግ ስድስተኛ ዓመቱ ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ቁልፏ አንድም ቀን መልሷን ቀይራ አታውቅም።

ዘመኑ 2097 ዓመተ ምሕረት፣ ከተማው ደብረ ብርሃን ነው። ቁልፏን ሕዝቡ «ምስክር» ይላታል። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ሰው የተናገረውን ትሰማለች፣ የአገሩን ዕውቀት ሁሉ የሚይዘው «መዝገቡ» የተባለው ማሽን ውስጥ ካለው ጋር ታስተያያለች፣ ካልተስማማ ዝዝ ትላለች። ማንም ሰው እንዲያደርጋት አልተገደደም። ያላደረጋት ግን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አያገኝም፣ የቀበሌው በርም አይከፈትለትም። ስለዚህ ሁሉም አደረጋት፣ ሁሉም አነጋገሩን አረመ። ምስክር ዝዝ የምትለው ቁርጥ ባለ ንግግር ላይ ብቻ መሆኑ ከታወቀ ወዲህ የከተማው ሰው ወሬውን በሙሉ «ይመስለኛል» ብሎ መዝጋት ለመደ። ሐዘን ቤት ሟችን ማሞገስ ቀርቷል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰውዬ «ወንድሜ የማንንም ገንዘብ ነክቶ አያውቅም» ብሎ ገና ሳይጨርስ ደረቱ ዝዝ ሲል ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ግማሹ በሐዘን፣ ግማሹ ሳቁን ለመደበቅ።

ያፌት ቀይ ነበር የሚለው አንድ መታጠቂያ ነው፤ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ጫፉ በጎን የሚወርድ ጨርቅ። ለአንድ ጨርቅ ብሎ ስድስት ዓመት ከመስታወት ጋር የሚከራከር ሰው ጤነኛ ነው ወይ ቢባል፣ መልሱ ያፌት የጠረጴዛ ጦር ማኅበር አባል ነው የሚል ነው።

የማኅበሩ አባላት አሥራ አንድ ናቸው፤ ከሁሉም ታናሹ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በድሮ የብርድ ልብስ መጋዘን ውስጥ ተሰብስበው ጥንት የተደረጉ ውጊያዎችን ጠረጴዛ ላይ እንደገና ይዋጋሉ። ወታደሮቻቸው ከቀለጠ ቆርቆሮ የተሠሩ፣ አውራ ጣት የማያህሉ ናቸው። እያንዳንዱን በቀጭን ብሩሽ ይቀቡታል። ኮረብታውን ከስፖንጅ፣ ሣሩን ከተከተፈ ጭድ፣ ጭቃውን ከሙጫና ከቡና አተላ ይሠራሉ። ከዚያ በሜትር እየለኩ ያራምዳሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ፣ ይጣላሉ። ሚስቶቻቸው «አሻንጉሊት» ይሉታል። እነሱ ግን ስለ አንድ ኮሌታ ስፋት ወር ሙሉ ተኳርፈው ያውቃሉ።

ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ያፌትና ናሆም ናቸው። የሠላሳ ዓመት ጓደኛሞች ናቸው፤ ያፌት ሠላሳውንም ዓመት በናሆም ሲቀና ኖሯል።

ናሆም ፈጣን ነው። ራዲዮ ከፍቶ እየዘፈነ በቀን አሥር ወታደር ይቀባል። ቀረብ ብሎ ላየው ዓይኑ ከቅንድቡ የተምታታ ነው፤ አንድ እርምጃ ራቅ ሲሉ ግን ሠራዊቱ ሊናገር የደረሰ ይመስላል። ያፌት የፈረሱን የአፍንጫ ቀዳዳ ውስጡን ሳይቀር ይቀባል። ከጨረሰ በኋላ አይረካም፤ ቀለሙን አጥቦ እንደገና ይጀምራል። አልጋው ሥር በካርቶን የተከመሩ ያልተቀቡ ወታደሮች ከሁለት ሺህ ይበልጣሉ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ያፌት ሲነኩት።

«ያንተ እንቁላል እኮ ሠላሳ ዓመት ሆነው» ይለዋል ናሆም። «እስካሁን ጡረታ መውጣት ነበረበት።»

ሁሉም ይስቃል። ያፌትም አብሮ ይስቃል፤ ግን ከሁሉም ቀድሞ ያቆማል።

ከሁሉ የሚከፋው ናሆም ደግ ሰው መሆኑ ነው። ያፌት ሲታመም መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ብሩሽ ሲገዛ ሁለት ሁለት ይገዛል። ሰው የሚቀናበት ሰው ትንሽ እንኳ ክፉ ቢሆን ምናለበት!

ነገሩ የተበላሸው በ2075 ነው፤ ያኔ ምስክር አልነበረችም። ናሆም አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። የጭቃ በር ውጊያ ነው፤ በ1912 በሁለት ባላባቶች መካከል በዝናብ የተደረገ የግማሽ ቀን ግጥሚያ። ከውጊያው የተረፈው ምስል ይህ ብቻ ነው። አርባ ፈረሰኞች ጭቃ ውስጥ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ወገባቸው ላይ ጠቆር ያለ ነገር ታጥቀዋል።

«ያፌቴ፣ ምንጅላትህ እዚህ ውጊያ ላይ ነበሩ ብለኸኝ አልነበር?» አለ ናሆም። «ቤታችሁ የቀረ ነገር አለ ብለህም ነበር። ይቺ መታጠቂያ ምን ቀለም ናት?»

ያፌት ያውቃል። መታጠቂያው ሣጥኑ ውስጥ ነው። እንደ በሰለ በርበሬ ቀይ ነው፤ ጫፉ ላይ በቢጫ ክር «ዘውገ» የሚል ስም ተጠልፎበታል። ዘውገ ምንጅላቱ ነው፤ ፎቶግራፉ ላይ ከሁሉ ፊት የቆመው ፈረሰኛ። ጨርቁን ለማንም አሳይቶ አያውቅም። አርባውን ፈረሰኞች ቀብቶ ሲጨርስ ከጎናቸው ሊዘረጋውና ማኅበሩን አፉን ሊያስይዝ ነበር ሐሳቡ። በዚያን ጊዜ የጨረሰው ሦስት ፈረሰኛ ነው። ቀይ ነው ብሎ ቢነግረው ናሆም በሳምንቱ አርባ ቀይ ለባሽ ይዞ ከች እንደሚል ታየው።

«ጥቁር ነው» አለ። «እናቴ ነግራኛለች።»

ናሆም አመሰገነው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ያፌት ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ። ይቀባ፤ በጥቁር ይሙላው፤ እኔ ቀዩን ይዤ ስወጣ ያኔ እንተያያለን አለ በልቡ።

ናሆም በአምስት ወር ስድስት መቶ ሰው ያለው ሜዳ ሠርቶ ጨረሰ። መዝገቡ በዚያ ሰሞን የአገሩን ታሪክ እየለቀመ ነበርና ሜዳውን አየው፣ አነበበው። መዝገቡ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ሌላ ባለ ቀለም ምስል ስላላገኘ የናሆምን እንዳለ ተቀበለው። ከዚያ ጥቁሩ መታጠቂያ በትምህርት ቤት ገባ፣ በቴሌቪዥን ድራማ ታየ፣ የከተማው እግር ኳስ ቡድን ማሊያው ላይ አደረገው። ዛሬ የደብረ ብርሃን ሙሽራ ያለ ጥቁር መታጠቂያ አይዳርም። በሁሉም ቦታ ከሥሩ በትንሹ «ምንጭ፦ ናሆም» የሚል አለ። ልጆች ናሆምን መንገድ ላይ ሲያዩት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ይሰጡታል። ያፌት አጠገቡ ከሆነ ዞር ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

የያፌት ቀይ ፈረሰኞች በሃያ ሁለት ዓመት አሥራ ሰባት ደርሰዋል።

ዘንድሮ በመስከረም አንድ ማስታወቂያ ወጣ። በከተማው አዲስ አዳራሽ የጭቃ በር ፈረሰኞች በሰው ቁመት ልክ ሊቆሙ ነው። ከፊት የሚቆመው ፈረሰኛ «ስሙ ያልታወቀ» ይባላል። ስሙን የሚያረጋግጥ ዕቃ ያለው ሰው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ለመዝገቡ ካቀረበ ስሙ ይጻፋል፤ አቅራቢውም አብሮ ይጻፋል። ካለፈ ግን የአዳራሹ ጉዳይ እንዳለ ይዘጋል፣ ስም አልባው ስም አልባ ሆኖ ይቀራል።

ያፌት ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ለአባቱ በሞት አልጋው ላይ «የዘውገን ስም አስጠራለሁ» ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። ሲያመነታ ቆይቶ በጥቅምት መጨረሻ ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ያልተቀቡት ሃያ ሦስቱ ፈረሰኞች ይቅሩ ብሎ ጨርቁን ከሣጥን አወጣና ወደ መዝገብ ቤት ሄደ።

መዝገብ ቤት ሠራተኛ የለም፤ ሰልፍና መስኮት ብቻ ነው። መስኮቱ በለዘበ የሴት ድምፅ ይናገራል። ያፌት ጨርቁን ዘረጋው። ቀጭን ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለፈበት።

«ክሩ መቶ ሰማንያ አምስት ዓመት ሞልቶታል» አለ መስኮቱ። «ጥልፉ ከዘመኑ ጋር ይስማማል። ቀለሙ አይስማማም። የተመዘገበው ጥቁር፣ የቀረበው ቀይ። ውሳኔ፦ ማስመሰያ።»

«ማስመሰያ? ይሄ ነው እውነተኛው!» አለ ያፌት። ምስክር ደረቱ ላይ ዝዝ አለች። ሰልፉ ውስጥ ያሉት ወደ ጣሪያው አዩ፤ ሰው ደረቱ ሲጮህ አለማየት በዚህ ዘመን ጨዋነት ነው።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚታረመው?»

«የቀለሙ ምንጭ ናሆም ነው። ምንጩ ራሱ መጥቶ እጠራጠራለሁ ካለ ጉዳዩ ይከፈታል። ውድቅ የሆነ ዕቃ አይመዘገብም፤ ይውሰዱት። ደህና ይዋሉ።»

ከኋላው የቆመች ሴትዮ አዘነችለት። «ጋሼ ናሆም ከሆኑ ምን ያስጨንቅዎታል?» አለችው። «ቢጠይቋቸው እምቢ የሚሉ ሰው አይመስሉኝም። እንዴት ያሉ ሰው ናቸው መሰለዎት!»

ያፌት ጨርቁን አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ እያለ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሜላት፣ ሚስቱ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ታውቃለች። አዳመጠችውና ነገሩ ቀላል ሆኖ ታያት።

«ሂድና ንገረው» አለችው። «ዋሸሁህ በለው። ናሆም ነው፤ ስቆ ያልፈዋል።»

«ስቆ የሚያልፈው እኮ ነው የሚገድለኝ!»

«ታዲያ ምን እንዲያደርግህ ትፈልጋለህ?»

«ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እሄድ ነበር። እሱ ግን ይስቃል፤ ከዚያ ቅዳሜ ለማኅበሩ አሳምሮ ያወራዋል፤ ከዚያ ሁሉም ናሆም እንዴት ትልቅ ሰው ነው ይላል። የኔን ውሸት እንኳ የሱ ክብር ያደርጉታል።»

«ቅናትህ ይቅበርህ!» አለችና ሜላት ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ያፌት የቀለም ዕቃዎቹን በረንዳ ላይ ደረደረ። ትናንት መዝገብ ቤት ብርሃኑ በጨርቁ ላይ ሲያልፍ በደንብ አይቶታል፤ ክሩን ጠልቆ ያነባል፣ ቀለሙን ግን የሚያየው ከላይ ነው። መጀመሪያ ሻማ አቀለጠና «ዘውገ» በሚለው ጥልፍ ላይ በቀጭን ብሩሽ ሰም ቀባ፣ ቢጫው ክር እንዳይነካ። ከዚያ የፈረሶቹን ጥላ የሚያጠቁርበትን ቀለም በውሃ አቅጥኖ ሳፋ ሞላና ጨርቁን ነከረው።

ቀዩ ወዲያው አልሄደም። ሁለተኛ ነከረው፣ ሦስተኛ ነከረው። በአራተኛው ጠፋ። ከደረቀ በኋላ በጠጠር አሻሸው፣ እጥፋቱ ላይ አመድ ነሰነሰበት፣ ፀሐይ የሚመታውን ቦታ በሎሚ ውሃ አደበዘዘው። አዲሱን ነገር አሮጌ ማስመሰል ሠላሳ ዓመት የተካነበት ሙያ ነው። ሲመሽ ሰሙን ፍቆ አነሳና ትንሽ ራቅ ብሎ አየው። መቶ ሰማንያ አምስት ዓመት ጥቁር ሆኖ የኖረ ጨርቅ ነው። በዕድሜው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ የጨረሰውም በአንድ ቀን ነው። ይህን ሲያስብ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። ትርፉ አመድና ቀለም እንዲለቅ አንድ ጊዜ በውሃ አለቀለቀውና ገመድ ላይ አሰጣው። ነገ መዝገብ ቤት እንደተከፈተ ሊደርስ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ገና ምላጩን ሲያነሳ በር ተንኳኳ። ናሆም ነው። ሁልጊዜ የሚስቀው ሰውዬ ፊቱ ገርጥቷል። የክብሪት ሣጥን የምታህል ካርቶን ይዟል።

«ያፌቴ፣ አንድ ሳምንት እህል አልበላ አለኝ» አለና ሳይቀመጥ ካርቶኗን ከፈታት። አንድ ፈረሰኛ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አቆመው። መታጠቂያው ቀይ ነው።

ያፌት ወደ ፈረሰኛው ጎንበስ አለ።

«ለአዳራሹ ሥራ ብዬ ስለ ድሮ ፎቶግራፍ ሳነብ ምን አገኘሁ መሰለህ?» አለ ናሆም። «የዚያን ዘመን ፊልም ቀይን አያይም። ቀዩን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ነው የሚያወጣው። ስድስት መቶ ሰው ቀብቼ አገሩን በሙሉ አሳስቼ ይሆናል! ትናንት መዝገብ ቤት ሄጄ እጠራጠራለሁ ብዬ አስመዘገብኩ። ጉዳዩ ተከፍቷል። ዕቃ ከተገኘ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይታያል አሉኝ፤ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ያኔ ቤታችሁ የቀረ ነገር አለ ብለኸኝ ነበር። ምናልባት እናትህ ረስተው ይሆናል፤ ሰው ይረሳል። ጨርቁ ካለ እንየው።»

ያፌት ወደ በረንዳው በር ጠጋ አለ።

«ቀይ ከሆነ የኔን ስም ያነሱታል» አለ ናሆም። «ያንሱት! ምንጭ፦ ያፌት ይበል። የምንጅላትህም ስም ይጻፍ። ያንተን አሥራ ሰባት ፈረሰኞች አዳራሹ ውስጥ እናስገባቸዋለን። የቀሩትን ሃያ ሦስት አብረን እንቀባለን፣ አንተ እያዘዝከኝ።»

ሜላት ከጓዳው በር ቆማ ትሰማለች። ሳፋው ከእግሯ ሥር ነው፤ የተረፈው ውሃ ገና አልተደፋም። ያፌትን አየችው። አሁን ተናገር የሚል ዓይን ነበር።

ናሆም ግን ያን ጊዜ ወደ በረንዳው አይቶ ኖሯል። ሮጦ ወጣ። ጨርቁን ከገመዱ አወረደ፣ ጫፉን ገለበጠ፣ ስሙን ፊደል በፊደል በጣቱ ነካ።

«ዘውገ» አለ። ከዚያ ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሳው። «ጥቁር ነው! ያፌቴ፣ ጥቁር ነው!»

ዓይኑ እንባ ሞላ። መጥቶ ያፌትን አቀፈው፣ አገላብጦ ሳመው። «ይቅር በለኝ። አንተን ጠረጠርኩ። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬን ጠረጠርኩ!»

ያፌት ጨርቁን ከእጁ ተቀበለው። ዝቅ ብሎ ሲያየው የጠርዙ ስፌት አንድ ቦታ ተተርትሯል። ከእጥፋቱ ውስጥ ቀለሙ ያልደረሰበት የጥፍር ያህል ቦታ አፍጥጦ ያየዋል። ቀይ። ያን ስፌት በጥፍሩ ትንሽ ቢስበው ሌላ ምንም መናገር አያስፈልገውም ነበር። ናሆም ይስቅ ነበር፤ ሰው ሁሉ ናሆም እንዴት ትልቅ ሰው ነው ይል ነበር፤ ዘውገም በቀይ መታጠቂያው አዳራሹ ፊት ይቆም ነበር።

ያፌት አውራ ጣቱን በቀዩ ላይ አሳረፈ።

«ጥቁር ነበር አይደል?» አለ ናሆም።

«ጥቁር ነበር» አለ ያፌት።

ምስክር ዝም አለች።

ናሆም እንባውን በመዳፉ ጠርጎ ወደ ሜላት ዞረ። «አየሽ ሜላት? ያፌት በሕይወቱ ዋሽቶኝ አያውቅም!» አለ፤ ይመስለኛል ሳይል፣ ቁርጥ አድርጎ። ሦስቱም ሳያስቡት ደረቱን አዩ። የእሱም ቁልፍ ዝም አለች፤ መዝገቡ ስለዚህ ነገር የሚያውቀው የለም። ሜላት ሳፋውን አነሳችና ወደ ጓሮ ሄደች። ውሃው ሲደፋ ተሰማ።

«በል እኔ ወደ መዝገብ ቤት ልሂድና ጥርጣሬዬን ላንሳ» አለ ናሆም። «ጨርቁን አንተው ራስህ ይዘህ ና፤ የምንጅላትህ ነው።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ቀይ ለባሽ ፈረሰኛ አየና አፈረ። «ይቺን እንዲህ እንዳለች ይዤ አልሄድም። እጄ ዛሬ ይንቀጠቀጣል። አንተ አጥቁራት።»

«እኔ?»

«አንተ ነህ እንጂ። እኔ እኮ የምፈጥነው ወድጄ አይደለም፤ ቀስ ብዬ ብሠራ እንደማልደርስብህ ስለማውቅ ነው። ማንም እንዳንተ አይቀባም። ይህን ለማኅበሩም ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንተ ፊት ግን ለማለት አፍራለሁ።»

ያፌት ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ጠብቆታል። ጨርቁን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አደረገ፣ የተተረተረው ጠርዝ ወደ ውስጥ እንዲሆን። ከሁሉ ቀጭኑን ብሩሽ መረጠ፤ ናሆም ከአዲስ አበባ ካመጣለት አንዱ ነበር። የትናንቱን ጥቁር ቀለም ከፈተና ፈረሰኛውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ናሆም ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ያፌት ሲቀባ ሊያይ።